ክንዴ የተገኘበት ሽምግልና

ሰው በገዛ ሽምግልናው ላይ አይገኝም። ሽማግሌ ይላካል፤ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል፤ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ፊታቸውን አይቶ ዕድሉን ያውቃል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው። እኔ ግን ተገኝቻለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ቀኝ ክንዴ ብቻ። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ነገሩን ያመጣው ኮሮና ነው። ያን ጊዜ ያልተገለባበጠ ምን ነበር? እጅ መጨበጥ ነውር ሆኖ በክርን መጎሻሸም ጨዋነት ተባለ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሱሪ ማሳጠሩን ትቶ የአፍ መሸፈኛ መስፋት ያዘ። እንዲያሳጥርልኝ የሰጠሁት ሱሪ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም፤ ብዙ ሰው ፊት ላይ ሳላየው አልቀረሁም። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጠው ወዳጄ ደግሞ ቀረሶ ዓሣውን በቴሌግራም መሸጥ ጀመረ። ፎቶው ላይ ክንድ የሚያክለው ዓሣ ደጃፍ ሲደርስ መዳፍ ያክላል። ምነው ሲሉት "መንገድ ላይ ተጨንቆ ነው" ይላል።

የእኛም መሥሪያ ቤት "ከቤት ሆናችሁ ሥሩ" አለን። እኔ ቤት የምላት ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። መሃሏ ላይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሳሎን፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ ቤት ነው። ስብሰባው ሁሉ በኢንተርኔት ሆነ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰው ሁሉ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፁ አይሰማም። "የማይክሮፎኗን ምልክት ንኳት" ብዬ ጽፌ ስለላክሁ ብቻ በዚያው ዕለት የመሥሪያ ቤቱ የቴክኖሎጂ ሊቅ ተባልኩ። አለቃችን ወይዘሮ ማዘንጊያ የስብሰባውን ሊንክ አደራ ሰጡኝ። መሥሪያ ቤቱ ከፍሎ ያስገባው፣ የቱንም ያህል ቢወራበት የማይቋረጥ ሊንክ ነው። ወይዘሮ ማዘንጊያን ለማታውቁ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ዝቅ ባለ ቁጥር እኛ እንንቀጠቀጣለን።

አሁን ወደ ሀያት ልምጣ። ሀያት ባሕር ዳር ኮሌጅ የምትማር፣ ከሐይቁ ማዶ የቁንዝላ ልጅ ናት። ኮሌጁ ሲዘጋ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷ ሐጂ እንድሪስ ጀልባ ሠርተው የሚሸጡ፣ በሐይቁ ዳርቻ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። እሷ ስትመረቅ ሽማግሌ ልልክ ተስማምተን ነበር። እስከዚያው በስልክ እናወራለን። ጠዋት እናወራለን፣ ቀን እናወራለን፣ ከቤት ሆኖ መሥራት ማለት ለእኔ ይኸው ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ድምፅዋ ተለውጦ ደወለች።

"ዐርብ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው" አለች።

"ከየት?"

"ከዚሁ። ያ ባለ ወፍጮ ቤቱ ለልጁ ሊጠይቅ ነው።"

"መንገድ ተዘግቶ የለም እንዴ?"

"ለማን ነው የተዘጋ? ቤታቸው ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ነው። በእግራቸው ነው የሚመጡ።"

እውነትም መንገዱ የተዘጋው ለእኔ ነበር። ከባሕር ዳር መኪና አይወጣም፤ ጀልባም ቆሟል። በሽታው እኔን ሹም አቦ ቆልፎ ለባለ ወፍጮው ልጅ አገሩን ለቀቀለት። ሀያትን እወዳታለሁ፤ ዐርብ ላይ እሺ ከተባለ ደግሞ አለቀ፣ ሐጂ እንድሪስ የሰጡትን ቃል አያጥፉም።

ሮጬ አጎቴ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ካረፈ ወዲህ አባቴ እሳቸው ናቸው።

"አጎቴ፣ በቪዲዮ ይጠይቁልኝ" አልኳቸው።

"በምን?"

"በስልክ፤ ፊት ለፊት እየተያያችሁ።"

አጎቴ ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ። "ለቅሶም በስልክ ደርሰናል፤ ዒድንም በስልክ እንኳን አደረሰህ ተባብለናል። እንግዲህ ምን ቀረን? ምን ያህል ያናግራል?"

"ነፃው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይቋረጣል።"

"አንድ ሰዓት? ለሰላምታው ነው ለጥያቄው?"

ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ሊንክ ልጠቀም ቆረጥኩ። የመሥሪያ ቤት ንብረት ለግል ጉዳይ አዋልክ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን የመሥሪያ ቤት መኪና ሙሽራ ሲያጅብ እያያችሁ ዝም ያላችሁ ሰዎች በአንዲት ሊንክ ላይ ባትፈርዱ ደስ ይለኛል።

አጎቴ ለሐጂ ደውለው ቁጥራቸውን አስመዘገቡ፤ ቀጠሮውም ለረቡዕ ጠዋት ሆነ። ረቡዕ ጠዋት ቁንዝላ መብራት ጠፋ። የሀያት ስልክ ቻርጅ የለውም፤ "እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት" ተባለ። ሐሙስ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ሳምንታዊ ስብሰባ በዚያው በእኔ ሊንክ እንደሚደረግ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ያን ሰሞን ጭንቅላቴ ውስጥ ከወፍጮ በቀር ምንም አልነበረም።

ሐሙስ ሦስት ሽማግሌዎች አፋቸውን ሸፍነው ክፍሌ ገቡ። አንዱ አጎቴ ናቸው። ሁለተኛው ሼህ ዑመር፣ በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ፣ በዚህም ምክንያት ብዙ ጠብ ያስነሡ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ጋሽ ኑሩ፣ ቁመታቸው እንደ ሸምበቆ የረዘመ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ችግራቸው ጉልበታቸው ብቻ ነው።

ጣጣው ስልኩን ማን ይያዘው ሲባል ጀመረ። ጀሪካን ላይ ብናስደግፈው ጣሪያውን አሳየ። ሼህ ዑመር ቢይዙት አውራ ጣታቸው ካሜራው ላይ ተኛ።

"ልጁ ይያዘው እንጂ" አሉ ጋሽ ኑሩ።

"ነውር ነው! ልጁ ሽምግልና ላይ አይገኝም" አሉ ሼህ ዑመር።

አጎቴ ወደ መጋረጃው አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። "እሱ ከመጋረጃው ኋላ ይሁን። ክንዱ ብቻ ትውጣ። ክንድ ብቻዋን ሚስት አታገባም፤ ነውር የለባትም።"

ሼህ ዑመር ጥቂት አሰላስለው "ክንድማ ደንብ አታፈርስም" አሉ። በዚህ ውሳኔ መሠረት እኔ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ክንዴ ስልኩን ጨብጣ ወደ ሳሎን ወጣች። በመጋረጃው ቀዳዳ የሽማግሌዎቹን ፊት አያለሁ፤ ስክሪኑ ግን ወደ እነሱ ስለዞረ አይታየኝም። ያላየሁትን የምተርክላችሁ አጎቴ ኋላ ከነገሩኝ ነው።

ማዶም ችግሩ ያው ነበር። ቁንዝላ እነ ሐጂ ቤት ኔትወርክ የሚገኘው ግቢያቸው ካለችው ዋንዛ ሥር ነው። ስልኩን መያዝ የምታውቀው ሀያት ብቻ ናት፤ የምትጠየቅ ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። ስለዚህ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ያዘችው። እንግዲህ እዚህ የእኔ ክንድ፣ እዚያ የእሷ ክንድ፤ የቀረነው ሁለታችንም በደንቡ መሠረት አልተገኘንም።

ስልኩ እንደተከፈተ ሐጂ ከልጃቸው እጅ ወስደው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ስልክ ለሌላ ምን ይሆናል? ሽማግሌዎቼ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ለአንድ ጆሮ "አሰላሙ አለይኩም" እያሉ እጅ ይነሡ ጀመር።

ጋሽ ኑሩ ወደ አጎቴ ጠጋ ብለው "ሐጂ ዋሻ ውስጥ ናቸው እንዴ?" ብለው አንሾካሾኩ።

"የምን ዋሻ?" አሉ ሐጂ። ጆሮ አይደሉ፣ ሁሉንም ሰምተዋል።

ሀያት ስልኩን መልሳ ያዘች፤ ሰላምታው እንደገና ተጀመረ። ፋቲሃ ተቀራ። ሼህ ዑመር ዱዓ አደረጉ፤ ስለ በሽታው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ሳይቀር። ክንዴ መደንዘዝ ጀመረች። ከዚያ ሐጂ "ተቀመጡ እንጂ" አሉ።

"አንቀመጥም ሐጂ። የመጣነ ለጉዳይ ነው፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም መሬት አንነካም" አሉ አጎቴ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። በአክብሮት ተቀመጡ ይባላል፤ በአክብሮት እምቢ ይላል። የልጅቱ አባት እሺ ያለ ዕለት ነው ወንበር የሚነካው። መቆም ልመና ነው፤ መቀመጥ ማግኘት ነው።

ሐጂ ግን ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ ነገርን ከላይ ብቻ አይተው አያምኑም። "እኔ የማየው ደረታችሁን ነው። ቁማችሁ ይሁን ተቀምጣችሁ በምን አውቃለሁ? እስቲ ስልኩን ዝቅ አድርጉት" አሉ።

ክንዴ ታዛዥ ናት፤ ማንንም ሳታማክር ዝቅ አለች።

ለካ ጋሽ ኑሩ የሚታየው ደረት ብቻ መሆኑን አረጋግጠው፣ ከዱዓው መሃል ጀምሮ ቀስ ብለው በርጩማዬ ላይ አርፈዋል። ከቁመታቸው የተነሣ ተቀምጠውም ከቆሙት ከሼህ ዑመር እኩል ነበሩ። ስልኩ ዝቅ ሲል አራት የቆመ እግርና ሁለት የታጠፈ ጉልበት ቁንዝላ ላይ ታየ።

"ጋሽ ኑሩ" አሉ ሐጂ።

"አቤት ሐጂ።"

"ተቀምጠዋል?"

"የተቀመጠ ጉልበቴ ነው እንጂ እኔስ ቆሜያለሁ።"

"ጉልበትዎ ብቻውን ነው የመጣ?" ሐጂ ተቆጡ። "በስልክ መጣችሁ፣ ዘመኑ ነው ብዬ ተቀበልኋችሁ። በስልክ ጠየቃችሁ፣ ይሁን አልሁ። በስልክ ቆመናል ብላችሁ ትቀመጣላችሁ? ነገ ልጄንስ በስልክ አለሁልሽ ብሎ ሊተዋት ነው? ነገ ዐርብ በእግራቸው መጥተው ደጄ ላይ የሚቆሙ አሉ። ላብ ሲላቸው በዓይኔ አያለሁ!"

ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ላብ ያጠመቀኝ እኔ ነበርኩ። አለቀልኝ አልኩ። የገዛ ክንዴ ጉድ ሠራችኝ። አጎቴ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ማዶ ሀያት በያዘችው ስልክ ሐጂና ዋንዛዋ ይወዛወዙ ነበር።

አጎቴ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልኩ "ድንግ" አለ። ደግሞ "ድንግ"። ደግሞ።

"እንደምን አደራችሁ! ዛሬስ ቀደም ቀደም ብላችኋል" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። የሒሳብ ሹማችን ድምፅ ነው። የሐሙሱ ስብሰባ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

"እኚህስ ማን ናቸው?" አሉ ሐጂ።

ከዚያ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ መጣ። "ይቅርታ፣ ይህን ስብሰባ የሚመራው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ አጎቴ።

"እርስዎ ከየትኛው ክፍል ነዎት?"

"እኔ በአባቱ በኩል ነኝ። እናቱማ የይፋግ ሰው ናት።"

ወይዘሮ ማዘንጊያ ስሜን ጠርተው "ሊንኩ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ የት ሄደ?" አሉ።

"ከዚህ የለም" አሉ አጎቴ ፈጠን ብለው።

"ክንዱ ግን አለ" አሉ ሼህ ዑመር። እንዳይዋሹ ነው።

"የምን ክንድ?" አሉ ሐጂና ወይዘሮ ማዘንጊያ እኩል።

ከዚያ ወዲያ ምን መደበቅ አለ? አጎቴ በተስፋ መቁረጥ መጋረጃውን ሳቡት። ካልተነጠፈ አልጋዬ ላይ ተነሥቼ፣ በደነዘዘች ክንዴ ስልኩን እንደያዝኩ፣ በሐጂ እንድሪስና በመላው መሥሪያ ቤት ፊት ቆምኩ። ስክሪኑን ያን ጊዜ ገና አየሁት። በአንዱ ሳጥን ሐጂ ቅንድባቸውን ሰቅለዋል፤ በሌሎቹ የሥራ ባልደረቦቼ ፊት ተደርድሯል፤ መሃል ላይ ወይዘሮ ማዘንጊያ መነጽራቸውን አውልቀው ያዩኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

አጎቴ ማስረዳት ያዙ፤ ምኑን ለማን እንደሚያስረዱ ለራሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም። "ሐጂ፣ እነዚህ የልጁ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። እመቤቴ፣ እኛ ደግሞ ሽማግሌዎች ነን፤ ለዚህ ልጅ የሐጂን ልጅ እየጠየቅን ነው።"

"ሽምግልና ነው?" አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ።

"ነበር" አሉ ሐጂ በኃይለ ቃል። ትንሽ ቆይተው ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። "እርስዎ አለቃው ነዎት? እንግዲያው ይንገሩኝ። እነዚህ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቆመናል ይላሉ፤ አላምናቸውም። እርስዎ ግን ሊያስታርቁም ሊያጋቡም አልመጡም። ይህ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ወይዘሮ ማዘንጊያ ያን ሳምንት ብቻ ሥራ አዘገየህ ብለው ድምፃቸውን ሁለት ጊዜ ዝቅ አድርገውብኛል።

"እውነቱን ልንገርዎ ሐጂ" አሉ። "ከቤት ሆነን መሥራት ከጀመርን ወዲህ በደወልኩለት ቁጥር ስልኩ ተይዟል። ጠዋት ተይዟል፣ ከሰዓት ተይዟል።"

"የእኔም ልጅ ስልክ እንደዚያው ነው" አሉ ሐጂ፤ ከዚያም ነገሩ ገብቷቸው ቀስ ብለው ስልኩን ወደያዘችው የልጃቸው ክንድ ተመለከቱ። ስክሪኑ አንዴ ተንቀጠቀጠ።

"ሌላም ልጨምርልዎ" አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ። "ባለፈው ወር ይኸው በሽታ ይዞኝ ቤቴ ተዘግቼ ነበር። ደጄን የረገጠ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ዘመዴ ከመንገድ ማዶ ሆኖ እጁን እያውለበለበ ነው የጠየቀኝ። ይህ ልጅ ዓሣ ይዞ መጣ። ደጃፌ ላይ አስቀመጠው፣ በሩን አንኳኳ፣ ከዚያ ጅብ እንዳየ ሰው ሮጠ። በመስኮት አይቼዋለሁ፤ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ነው የሄደ። ፈሪ ነው ሐጂ። እየፈራ ግን የመጣው እሱ ብቻ ነው።"

ያቺን ጫማ ሐይቁ ዳር የጣልኳት መስሎኝ ነበር። ማንም አላየኝም ብዬም ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ባለችኝ ጤነኛ ክንድ ጠረግሁት።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ንግግራቸውን አልጨረሱም። "ደንቡ ቆሞ መለመን ከሆነ እኔም ልቁም" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ፊታቸው ወደ ላይ ወጥቶ ጠፋ፤ በቦታው ሆዳቸው መጣ። አለቃ ቆሞ ማን ይቀመጣል? የሒሳብ ሹሙ ተነሡ፤ ሰፊ ሆድ መጣ። የመዝገብ ቤቷ ተነሣች፣ ሾፌራችን ተነሣ፣ አንዱ ሳይገባውም ተነሣ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሆድ ብቻ ሆነ።

ሐጂ እንድሪስ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ። "ሴት ሽማግሌ ስትቆም ዛሬ ገና አየሁ! የቆመ ሰውም ዛሬ ገና አየሁ!" አሉ። ሳቃቸው ሲበርድላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መቼም ደንቡ ተመካክሬ ላሳውቃችሁ ብሎ ቀጠሮ መስጠት ነው። ነገ ደግሞ የሚመጡ ሰዎች አሉ። እንግዲህ እኔ ልጄን…"

እዚህ ላይ ቁንዝላ ስክሪኑ ላይ ደረቀች። ሐጂ አፋቸውን ከፍተው፣ አንድ ጣታቸውን አንሥተው፣ ዋንዛዋ ሥር እንደ ፎቶ ቀሩ።

"ሐጂ? ሐጂ!" አሉ አጎቴ። የባሕር ዳሮቹ ሆዶች ይተነፍሳሉ፤ የቁንዝላው ፊት ግን አይነቃነቅም። ሽማግሌዎቼ ስክሪኑን ከበው የደረቀውን ፊት ይመረምሩ ገቡ።

"የሰጠ ሰው ፊት ነው" አሉ አጎቴ።

"ጣቱን ያነሣ ሰው ሰጥቶ አያውቅም" አሉ ጋሽ ኑሩ።

"ሊያስነጥሳቸው ነው የሚመስለኝ" አሉ ሼህ ዑመር።

እኔ አስር ጊዜ ወደ ሀያት ደወልኩ፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለው ሴትዮ ብቻ ነች የምታነሣው። ያቺን ሴትዮ እንደዚያ ቀን ጠልቻት አላውቅም። ስብሰባውን ልዝጋው ወይስ ልጠብቅ? መልሱ እሺ ይሁን እንቢ ሳላውቅ ዐርብ ሊነጋብኝ ነው። ጋሽ ኑሩ በርጩማውን ወደ ጥግ ገፍተው፣ በአንድ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ቆሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በትከሻዬ ይሰማኛል።

"ይቀመጡ ጋሽ ኑሩ፤ አሁን የሚያይ የለም" አልኳቸው።

"ዝም በል" አሉኝ። "አሁንማ አልቀመጥም።"

በመጨረሻ ከአጎቴ ኪስ ድምፅ ተሰማ። ያቺ ቁልፍ ያላት አሮጌ ስልካቸው ናት፤ ፊት አታሳይ፣ ኢንተርኔት አታውቅ። አጎቴ ድምፅዋን ከፍ አድርገው መሃላችን ያዟት።

"እናንተ ሰዎች" አሉ ሐጂ፣ "ያ ትልቁ ስልክ ሞተብን፤ በጎረቤት ስልክ ነው። እስካሁን ቆማችኋል?"

አጎቴ ከመመለሳቸው በፊት የጋሽ ኑሩን እግር ዝቅ ብለው አዩ። "ቆመናል ሐጂ።"

"ሼህ ዑመር ይንገሩኝ። ጋሽ ኑሩም ቆመዋል?"

"ቆመዋል" አሉ ሼህ ዑመር። "እየተንቀጠቀጡ ነው፤ ግን ቆመዋል።"

ከሐጂ ኋላ የሐይቁ ንፋስና አንዲት የምታለቅስ ወይም የምትስቅ ልጅ ይሰማሉ።

"እንግዲያው ተቀመጡ" አሉ ሐጂ።

ጋሽ ኑሩ በርጩማውን አልፈለጉም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። ሼህ ዑመር ፋቲሃ ጀመሩ። አጎቴ አቅፈው ሳሙኝ፤ ክልከላውንም ክርኑንም ረስተው። እኔም አልጋዬ ላይ ወደቅሁ፤ ሳላፍር ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ እጄ ላይ ከቀረው ስልክ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። ብመለከት ሆዶቹ ሁሉ እንደቆሙ ናቸው፤ የምታናግረኝ መሃል ያለችው ናት።

"እኛስ?" አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ። "እንቀመጥ?"

"ይቀመጡ" አልኳቸው፣ እንባዬን እየጠረግሁ። "ሁላችሁም ተቀመጡ። ሰጥተውኛል።"